ግቢውን የዞረ ባቡር

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ፣ የፕላስቲክ ባቡር አየሁ። የሄድኩት ለምድጃዬ የጋዝ ጎማ ልገዛ ነበር። ሻጩ ወጣት ልጅ ነው፤ ዓይኔ ባቡሩ ላይ ማረፉን ሲያይ ባትሪውን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ለቀቀው። ባቡሩ ጮኸ፣ ቀይ መብራት አበራ፣ ከጭስ ማውጫው ጫፍም ጭስ ነው የተባለ ጥጥ ብቅ ብሏል። “ለልጅ ልጅ ነው እናቴ? የድሮው የድሬ ባቡር ቁርጥ ነው” አለኝ። አንሥቼ ገለበጥኩት። ከመንኮራኩሮቹ ጎን ያሉት ዘንጎች ከፕላስቲኩ ጋር አብረው የተቀረጹ ናቸው፤ አይንቀሳቀሱም። ሲሊንደር ተብሎ የተለጠፈውም ነገር ድፍን ነው።

“ይሄ አይሠራም” አልኩት።

“እንዴ እናቴ፣ ይኸው እየሄደ።”

“መሄዱንማ ይሄዳል። አይሠራም ነው ያልኩህ።”

ጎማዬን ይዤ ወጣሁ። ልጁ ከኋላዬ ለጎረቤቱ የሆነ ነገር ሲልና ሲሳሳቁ ሰምቻለሁ፤ አልፈርድበትም። እኔ የባቡር ነገር ሲነሣ ጠባዬ ይበላሻል። በነዚህ እጆቼ የእንፋሎት ባቡር ሠርቻለሁ፤ ትንሽ፣ ርዝመቱ ከክንድ እምብዛም የማይበልጥ፣ ግን እውነተኛ፣ በእሳትና በውሃ የሚሄድ። የሠራሁትም ድሬዳዋ ሳይሆን ጂዛን፣ ሳውዲ አረቢያ፣ የሰው ቤት ሠራተኛ ሳለሁ ነው። ይህን ስናገር የሚያምነኝ የለም። አንዷ ጎረቤቴማ “ልብስ አጥቤ መጣሁ ማለት ምን ያሳፍራል?” ብላኛለች።

አባቴ የሸሚንደፈር ሰው ነበር። ድሬን ለማያውቅ፣ ባቡሩንም፣ ሠራተኛውንም፣ በእሱ ያደረውን ሰፈርም የምንጠራው በዚህ ስም ነው። ልጅ ሆኖ ገብቶ በእንፋሎት ባቡሮቹ ዘመን ማብቂያ ላይ የቦይለር ሠራተኛ ሆነ። ከዚያ የናፍጣዎቹ መጡና እነዚያ ጥቋቁር ባቡሮች ተጣሉ፤ የእሱ ልብ ግን ከነሱ ጋር ቀረ። እሑድ እሑድ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ከቁርጥራጭ መዳብ ትንንሽ ቦይለር እየሠራ በከሰል ያፈላቸዋል። ወንድሜ ግርማ ከኳስ ሌላ የሚታየው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ብረት የሚበየድበትን ስታኞ ማቅለጥ፣ መዳብ መቀጥቀጥ፣ ቀዳዳ በሞረድ ማስተካከል የተማርኩት እኔ ነኝ። ድሬ ውስጥ አንቱታ አይበዛም፤ እኛም አባታችንን አንተ እያልን ነው ያደግነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ “ይሄ ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል?” ስትለው፣ “ሙያ ያለው ሰው የትም አይታሰርም” ይላታል። ያመነበትን ነበር የሚናገረው።

በሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ እንደ ብዙ እኩዮቼ አረብ አገር ሄድኩ። የደረሰኝ ጂዛን ነው። ከባሕሩ ጠርዝ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አየሯ እንደ ረጠበ ፎጣ ፊት ላይ ይለጠፋል። እኔ የሙቀት ልጅ ነኝ፤ የጂዛን ሙቀት ግን ሌላ ነው፤ ብረት ይበላል። የበሩ ማጠፊያ፣ የመስኮቱ ፍርግርግ፣ የወጥ ቤቱ ቢላዋ፣ ሁሉም ይዝጋል። በሰኔና በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ጉብራ የሚሉት የአቧራ ነፋስ ይነሣል። መስኮቱን በረጠበ ጨርቅ ጠቅጥቀን እንኳ እራት ላይ ከጥርሳችን መሀል አሸዋ ይንቀጫቀጫል። ከአገሩ ደግ ነገር የማስታውሰው ማንጎውን ነው። እርሻ ከሚበዛባት ከሳብያ በፒካፕ ተጭኖ ሲመጣ መዓዛው ግቢውን ይሞላዋል። ለእኛ የሚደርሰን የላሸቀው ነበር፤ የላሸቀው ደግሞ ይበልጥ ይጣፍጣል።

አሠሪያችንን ባባ፣ ሚስቱን ማማ ነበር የምንላቸው። ፓስፖርታችንን ብረት ሣጥን ውስጥ የቆለፉብንን ሰዎች በእናትና በአባት ስም መጥራት ያኔ አይከነክነንም ነበር። ባባ ወደቡ ላይ ሹም ሆኖ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በወጣትነቱ ለትምህርት እንግሊዝ አገር ተልኮ የእንፋሎት ባቡር አይቶ ኖሯል፤ ከዚያ ወዲህ ያ ነገር ከልቡ አልወጣም። አይጮህም፣ አይማታም፣ ሶላቱን አያስተጓጉልም። አረብኛ ደግሞ አንቱ ስለሌለው እሱንም አንተ ነበር የምለው። በዚያ ቤት ያገኘሁት እኩልነት ይኸው ብቻ ነው።

ሁለት ሠራተኞች ነበርን። ሌላዋ ዘርፌ ትባላለች፤ የደብረ ታቦር አካባቢ ልጅ ናት፤ ማተቧን ከአንገቷ ፈትታ ቁርጭምጭሚቷ ላይ፣ ካልሲዋ ውስጥ አስራዋለች። ዘርፌ እጇ የማይረባ ሴት ነበረች። ሩዝ ታሳርራለች፣ ነጩን ልብስ ከቀዩ ጋር ትዘፈዝፋለች፣ የሻይ ብርጭቆማ ስንቱን አደቀቀችው። ማማ በነጠላ ጫማ ትመታታለች። ዘርፌ ፊቷን በክንዷ ትከልላለች። እኔ አዝንላት ነበር፤ ከማዘኔ ይልቅ ግን እናደድባት ነበር። “ትንሽ ብትጠነቀቂ ምን አለበት? ሰው እኮ የሚከበረው በሥራው ነው” እላታለሁ። “እሺ አስካልዬ” ትላለች። በማግሥቱ ደግሞ ሌላ ትሰብራለች።

አንድ ቀን ከእንግሊዝ አገር ሣጥን መጣ። ውስጡ ባቡር አለ፤ ተሠርቶ ሳይሆን ተበታትኖ። የመዳብ ቦይለር፣ የነሐስ ሲሊንደሮች፣ መንኮራኩሮች፣ በየከረጢቱ የተለዩ ጥቃቅን ብሎኖች፣ አገጣጠሙን የሚያሳይ ሥዕል። እዚያ አገር ጡረታ የወጣ ሰው እየገጣጠመ ጊዜውን የሚገፋበት ነገር ነው አሉ። ባባ ሳሎን ወለል ላይ ዘርግፎት ብዙ ቀን ታገለ። ዓይኑ ደክሟል፣ ጣቶቹም ወፋፍራም ናቸው። ምንጣፉን ስጠርግ ፒስተኑን በደረቁ ሊያስገባ ሲገፋ አየሁና መጥረጊያዬን አቆምኩ።

“ባባ፣ መጀመሪያ ዘይት” አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ካቻቢቴውን ዘረጋልኝ። አላፈረም፣ አልገረመውም፤ ልክ ካውያ እንደሚያቀብለኝ ነው ያቀበለኝ። በዚያ ቤት ማንም ሰው ከእኛ ፊት አያፍርም ነበር፤ ሰው ከወንበር ፊት አያፍርም።

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የመኪና ማቆሚያው ጥግ ላይ ጠረጴዛ ተሰጠኝ። የስታኞው ሽታ ሲያውደኝ የአባቴ በረንዳ ላይ ያለሁ ይመስለኛል። ሥዕሉ ያዘዘውን መግጠም ብቻ ብዙም ሳይቆይ አላረካኝም፤ ማሻሻል ጀመርኩ። የጂዛን ቧንቧ ውሃ ጨው አለው፣ ድስት ላይ እንኳ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ ቦይለር ውስጥ ከገባ ያንን ቀጭን ቧንቧ ሁሉ ይደፍነዋል። እኔ ከኤሲው ሥር ባልዲ አኖርኩ። የዚያ አገር አየር ራሱ ግማሹ ውሃ ስለሆነ ኤሲው ቀኑን ሙሉ ሲያንጠባጥብ ይውላል፤ ጨው የሌለው፣ ንጹሕ ውሃ። እሳቱ በላይተር ጋዝ ነው የሚነደው። ጋዙ በሙቀቱ ይቆጣና ነበልባሉ ጮኾ ይጠፋል። የጋዙን ማጠራቀሚያ በረጠበ ጨርቅ ጠቅልዬ አረጋጋሁት። ቦይለሩ ሙቀቱን እንዳያባክን በስስ እንጨት አለበስኩት። የመጀመሪያው ባቡር ሄደ። ሁለተኛ ሣጥን መጣ፣ ሦስተኛም። ባባ ግቢውን ዙሪያውን ዝቅ ያለ ግንብ አስገንብቶ ሐዲድ አስነጠፈበት።

እኔ ከልብስ አጠባ ተነሣሁ፤ ልብሱ ዘርፌ ላይ ተደረበ። አላማረረችም። አንድ ቀን የተዘፈዘፈ አንሶላ ተሸክማ ስታልፍ ጠረጴዛዬ ዘንድ ቆማ፣ ቀለም የምቀባውን ባቡር አየችና “አስካልዬ፣ ይሄን ያህል አታሳምሪው” አለችኝ።

“ለምን?”

“እንዲያው ነው” ብላ አለፈች። ቅናት መሰለኝ።

ያኔ ከአገር ቤት ጋር የምንላላከው በካሴት ነበር። የሚያመላልስልን ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው ነው። በሳብያ መንገድ ላይ የባባን ፍየሎች ይጠብቃል፤ ሐሙስ ሐሙስ ወተት ይዞ ይመጣል፤ ካሴቱን ጅዳ ላሉ ያገሩ ልጆች ይሰጣል፣ እነሱ ወደ አገር ለሚገባ ሰው ያቀብላሉ። አንድ ሐሙስ የግርማን ድምፅ አመጣልኝ። አባዬ ሳምባውን ታሟል፤ ከአልጋ አይነሣም። “አንቺን ነው የሚጠራው። ከቻልሽ ድረሽ” ይላል።

ውሌ ካለቀ ከርሞ ነበር። በዚያ አገር ግን ሰው የሚወጣው አሠሪው ኹሩጅ የሚሉትን የመውጫ ፈቃድ ሲያወጣለት እንጂ ውሉ ስላለቀ አይደለም። ባባ ፊት ቆሜ አባቴ እየሞተ ነው አልኩት። በጥሞና ሰማኝ። ያን ሰሞን ከሁሉ የሚበልጠው ሣጥን ደርሶ ነበር፤ ትልቅ ባቡር፣ ፉርጎ የሚጎትት። ከዒድ በኋላ የድሮ የሥራ ባልደረቦቹ ሊጎበኙት ይመጣሉ። ጺሙን ዳበስ አደረገና “ይህን ባቡር ሥሪው። እንግዶቼ ፊት ግቢውን ሳይቆም ይዙር። ወላሂ፣ ቢላሂ፣ ተላሂ፣ በማግሥቱ ኹሩጅሽን አወጣለሁ፤ አባትሽን ታያለሽ” አለኝ። ሦስት ጊዜ የማለ ሰው ነው። አመንኩት። ዘርፌ እንኳ ስነግራት “እንግዲህ ከማለ…” አለችኝ።

ትልቁ ባቡር ግን እምቢ አለኝ። እንደ ሥዕሉና ፋብሪካው ብረቱ ላይ እንደጫረው ምልክት ገጥሜዋለሁ፤ ውሃው ይፈላል፣ ግፊቱም ይወጣል። ሲለቀቅ ጥቂት ያዘግምና ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይቆማል። የኋልዮሽ ከፊትዮሽ ይሻለው ነበር። ፈታሁት፣ ገጠምኩት፣ እንደገና ፈታሁት። የጉብራው አቧራ ገብቶ ይሆናል ብዬ እያንዳንዱን ቁራጭ በነጭ ጋዝ አጠብኩ። ምንም የለም። ዒዱ እየቀረበ ነው። ሲጨንቀኝ ካሴት አንሥቼ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት፤ የባቡሩን ጠባይ፣ የባባን መሐላ።

መልሱ ሲመጣ ሰይድ ከፒካፑ ሳይወርድ “አብሽሪ፣ የአባትሽ ድምፅ ነው አሉ” ብሎ ሰጠኝ። ወጥ ቤት ገብቼ ከፈትኩት።

“አስኩ” ይላል። ሁለት ሦስት ቃል ይናገርና ትንፋሹን ይሰበስባል። “አቦ፣ ፋብሪካው የጫረውን ምልክት አትመኚ። ምልክቱን የጫረ ሰው… ለምሳ እየቸኮለ ይሆናል። ቦይለሩን ለይና አስቀምጪው። እንፋሎቱ የሚገባበት ቧንቧ ላይ ቀጭን ጎማ ሰክተሽ… በአፍሽ ንፊ። ባንድ እጅሽ መንኮራኩሩን ቀስ እያልሽ አዙሪ። ትንፋሽሽ የሚያልፍበትን ቦታ ታውቂዋለሽ። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ነው ማለፍ ያለበት። ቀድሞ ካለፈ… ባቡሩ ከራሱ ጋር ይጣላል።” ረጅም ሳል። የግርማ ድምፅ ከሩቅ “ይበቃሃል አባዬ” ይላል። “ዝም በል አንተ። አስኩ፣ ዓይን ይታለላል፣ ትንፋሽ ግን አይታለልም። ቶሎ ጨርሺውና ነይ። እጠብቅሻለሁ።”

ትንፋሽ ያለቀበት ሰው ነው ንፊ የሚለኝ። ድንች የምልጥበት ቢላዋ በእጄ እንዳለ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ተነሥቼ ያለኝን አደረግሁ። ጎማውን ነክሼ እየነፋሁ መንኮራኩሩን አዞርኩት። እውነትም ትንፋሼ ገና ፒስተኑ መንገድ ላይ እያለ ያልፋል። እንፋሎቱን የሚከፍትና የሚዘጋውን ቫልቭ የሚያንቀሳቅሰው ክብ ብረት የመንኮራኩሮቹ ዘንግ ላይ ለጸጉር ያህል ዞር ብሎ ነበር የታሰረው። ፈትቼ፣ እየነፋሁ፣ እየመለስኩ፣ ትንፋሼ ልክ ጫፉ ላይ እስኪያልፍ አስተካከልኩትና አጠበቅሁት። እሳት ስሰጠው ባቡሩ ያለ አንዳች መንገጫገጭ ተነሣ። ድምፁ እንደተኛ ሰው አተነፋፈስ እኩል፣ እኩል ነበር።

እንግዶቹ የመጡት ወደ ማምሻው፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። ግቢው ውሃ ተረጭቶ፣ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ማንጎ ተቆራርጦ ቀርቧል። ማማ የሴቶቹን ክፍል ፉል በሚሉት ነጭ አበባ ጉንጉን አሳምራዋለች፤ ሽታው እስከ ወጥ ቤት ይደርሳል። ባባ ባቡሩን በራሱ እጅ ለቀቀው። ዞረ፤ ፉርጎዎቹን አከታትሎ እየጎተተ፣ ነጭ እንፋሎት እየተፋ ደጋግሞ ዞረ፤ ውሃው እስኪያልቅ አልቆመም። ሽማግሌዎቹ እንደ ልጅ ተነሥተው ተከተሉት። እኔ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ቆሜ የማየው ባቡሩን አልነበረም፤ የድሬን ጣቢያ ነበር።

አንዱ እንግዳ ማን ገጠመልህ ብሎ ጠየቀው። ባባ አልዋሸም፤ “ሠራተኛዬ” አለ፣ ስለ ጥሩ ፈረስ እንደሚያወራ ሰው እየኮራ። እንግዳው “እባክህ ለጥቂት ወር አውሰኛት” አለው።

“መኪናዬን ጠይቀኝ፣ ቁልፉን እሰጥሃለሁ” አለ ባባ። “እሷን ግን አይሆንም።”

ሁሉም ሳቁ። እኔም በሩ ጀርባ ሆኜ ሳቅሁ። ከመኪና መብለጤ ኩራት ሆኖ ተሰማኝ። እንግዶቹ ሳይወጡ ወጥ ቤት ገብቼ ለአባዬ ካሴት ቀዳሁለት፤ ሰይድም በዚያው ዕለት ወሰደልኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ባባ ፊት ቆምኩ። ጋዜጣውን አጠፈና “ሌላ ሣጥን መርከብ ላይ ነው” አለኝ። “ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ። እሱን ከጨረስሽ በኋላ እናየዋለን።”

“ባባ፣ አባቴ እየሞተ ነው። ምለሃል።”

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። “እውነትሽን ነው፣ ምያለሁ” አለ። “ከፋራ አወጣለሁ።”

መሐላ ያፈረሰ ሰው የሚከፍለው ማካካሻ ነው፤ አስር ድሆች ይበላሉ። እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ስለነበር አላዘገየውም። በግ ታረደ። ሰይድን ከሳብያ እርሻዎች አስር ሚስኪን አምጣ አለው። ሥጋውን የቆራረጥኩት እኔ ነኝ፣ ሩዙን የቀቀልኩትም እኔ። ለእኔ የተማለልኝ መሐላ ሲፈርስ ድግሱን በእጄ ሠራሁ፤ ደግሞም እጄ ሆኖ ጣፈጠ። ሰዎቹ መጥተው ግቢው ጥላ ላይ ተቀመጡ። የሚበዙት የወሎ ልጆች ናቸው፣ በቀን ሥራ ጀርባቸው የጎበጠ፤ የመናውያንም ነበሩባቸው። ስለምን እንደሚበሉ ማንም አልነገራቸውም። ተርበው ነበርና በደስታ በሉ፤ ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ለባለቤቱ ዱዓ አደረጉለት። አንዱ ልጅ ውሃ ስቀዳለት ባማርኛ “ጣፍጧል እህቴ፣ አላህ ይስጥሽ” አለኝ።

ሰይድ አልበላም። ወጥ ቤቱ በር ላይ መጥቶ ቆመ።

“ለምን አትቀርብም?” አልኩት።

“ይሄ ጉሮሮዬን አያልፍም አስካለ።” ወደ ድግሱ በአገጩ አመለከተ። “ወይ አስር ሚስኪን ማብላት ነው፣ ወይ ማልበስ ነው፣ ወይ ባሪያ ነጻ ማውጣት ነው ኪታቡ የሚለው። እሱ ማብላቱ ቀለለው።”

“እንዲህ ከሆነ መማል ምን ይጠቅማል?”

“ወላሂ ኪታቡ ለዚህ አላለውም። ከፋራ ለተሳሳተ ሰው ነው፤ እያወቀ፣ ሰው አሥሮ ለሚያስቀር አይደለም። ይሄን እሱም ያውቃል” አለና ፍየሎቹ ቆዩብኝ ብሎ ሄደ።

ሳህን ሲሰበሰብ ዘርፌ የማማን ትልቅ የቻይና ትሪ ሳህን፣ የሠርጓን፣ ከእጇ ለቀቀችው። ግቢው መሀል ደቀቀ። ማማ እንግዳ አለ ብላ እንኳ አልታገሠችም፤ እዚያው በጫማ ወረደችባት። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደረቷ ላይ ደም ወረደ። “ኸላስ፣ ይህችን ከፊቴ አጥፉልኝ” አለች ማማ። ባባም አልተከራከረም። ሳምንት ሳይሞላ የዘርፌ ኹሩጅ ወጣ።

የምትሄድበት ቀን ጠዋት ሻንጣዋን ስትሸክፍ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከንፈሯ ገና አልዳነም። ልብሶቿን ጥርት አድርጋ፣ ጥግ ከጥግ እያገጣጠመች ስታጥፍ ገረመኝ። እጇን እያየሁ መሆኑን አወቀች።

“እኔ አገሬ ድግስ የምመራ ሴት ነበርኩ አስካልዬ” አለችኝ። “ብርጭቆ ከእጄ ወድቆ አያውቅም። እዚህ ስመጣ ከእኔ በፊት የነበረችው ነገረችኝ። እዚህ ቤት ጎበዟን አይለቋትም፤ የምትለቀቀው ያስመረረች ናት ብላ።”

“ለእኔስ ለምን አልነገርሽኝም?”

“አታሳምሪው አልኩሽ እኮ።” አንገቷን ደፋች። “ደስ ብሎሽ ነበር። እዚህ ቤት ደስ ያለው ሰው ያየሁት አንቺን ብቻ ነው። ያን አፍርሼ ምን ልስጥሽ? ደግሞ ማለልሽ። መሐላ ይፈርሳል ብዬ እኔም አላሰብኩ።”

ተቃቅፈን ተላቀስን። ከዚያ ሄደች። እኔ ልብሱ ተመለሰልኝ፣ ባቡሩም ላዩ ላይ።

እንደ እሷ ልሞክር ብዬ ነበር። አዲሱ ሣጥን ሲመጣ ብሎን አላልቼ እተዋለሁ፣ ጥቂት ቆይቼ እጄ ራሱ ሄዶ ያጠብቀዋል። ስታኞውን ሆን ብዬ አበላሽቼ ላድር አልችልም። ብርጭቆም ሰብሬ አይቻለሁ፤ ማማ ጫማዋን ስታነሣ ባባ “እጇን እንዳትነኪብኝ” አላት። አባቴ ያስተማረኝ ነገር ከእኔ የሚወጣ አልነበረም። አይታሰርም ያለኝ ሙያ አሥሮ አስቀመጠኝ፤ የሰጠኝም ምክር፣ ያ በሳል መሀል የሰጠኝ፣ ቁልፉን አንድ ጊዜ ጨምሮ አዞረው።

የአባቴ ሞት ወሬ የደረሰኝ በሚቀጥለው የማንጎ ወቅት ነው፤ ሰይድ ካሴት ሳይሆን ባዶ እጁን ይዞ፣ ከፒካፑ ወርዶ መጣ፤ ያን ጊዜ አወቅሁ። ባባ አላህ ይርሐመው አለኝ። ማማ ከሰዓት ዕረፍት ሰጠችኝ።

ከዚያ በኋላ ዓመታት ቆየሁ። የተለቀቅሁትም በልመና አልነበረም። ባባ ባቡሩ ሰለቸው። አንዱ ወዳጁ ጥንድ ርግብ አመጣለት፤ በወሩ ግቢው ሁሉ የርግብ ቤት ሆነ፤ ሐዲዱ ተነቀለ። ባቡሮቹን ለሚፈልግ ሰው ሰጣጣቸው። “አንቺ ርግብ ታውቂያለሽ?” ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ብዙም ሳይቆይ ፓስፖርቴን እጄ ላይ አኖረልኝ። የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ይህን ያህል ትንሽ ኖሯል።

ቤት ስገባ የአባቴ አልጋ በሩን ፊት ለፊት እያየ ቆሟል። ግርማ ሊያዞረው አልደፈረም።

“ካሴትሽ ሲደርስ ነው” አለኝ። “ባቡሩ ሄደ ስትይው፣ በሉ አልጋዬን ወደ በሩ አዙሩልኝ አለ። ጋሪ በቆመ ቁጥር ‘እሷ ናት፣ በሩን ክፈቱ’ ይለናል። እንከፍታለን። ባትሪው ባለቀ ቁጥር ሌላ እያስገዛ ድምፅሽን ሲሰማ ይውላል። እንደማትመጪ የነገርሽን ካሴት በኋላ መጣ። እሱን ልናሰማው አልቻልንም።”

“ሲሞትስ?”

“በሩን እያየ ነው የሞተ።”

ያ እኔ የላክሁት፣ ባቡሩ ሄደ ያልኩበት ካሴት ዛሬም ግርማ ቤት አለ። ሴት ልጁ ሳይበላሽ ስልክ ላይ ላስቀዳው እያለች ታስቸግረኛለች። “አክስቴ፣ የአያቴ ማስታወሻ እኮ ነው፣ አንዴ እንስማው” ትለኛለች። እኔ አይሆንም እላታለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነግራትም። ባባን ይቅር አላልኩትም፣ ወደፊትም የምለው አይመስለኝም፤ ቢሆንም እሱን ሳላስበው የሚያልፉ ሳምንታት አሉ። ሞቶም ይሆናል። ማማንም ከነጫማዋ ረስቻታለሁ። የማልረሳው ያንን ድምፅ ነው። ከውጭ የእንግዶቹ ጫጫታ ይሰማል፤ አንዲት ወጣት ከሳቋ ብዛት ቃል እያቋረጠች “ሄደ አባዬ፣ እንዳልከኝ ነፋሁት፣ ሄደ፤ በቃ መጣሁ፣ ጠብቀኝ” ትላለች። ምንም አላጠፋችም፤ አውቃለሁ። ግን በዚያ ቤት ከነበሩት ሰዎች ሁሉ አብልጬ የምጠላት እሷን ነው።